የባሕር ወሰን አልፈው ለተያዙ ዓሣ አጥማጆች፦ ከፍርዱ ይልቅ የሚያቆየው ወረቀቱ ነው

ጀልባ ተይዛ ሠራተኞቿ ጎረቤት አገር ሲታሰሩ ከቤተሰብ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ዓመት ይፈረድባቸው ይሆን?» የሚል ነው። ማንም ቢሆን ይህንኑ ይጠይቃል። የእነዚህን ሰዎች መዝገብ ለተከታተለ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚበላው ፍርዱ አይደለም። ቅጣቱን ጨርሶ፣ «የማን ዜጋ እንደሆነ ገና አልተረጋገጠም» ተብሎ ከተፈረደበት በላይ የሚቀመጥ ሰው አለ። መዝገቡን የሚያስረዝሙት ወይም የሚያሳጥሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ጀልባዋ በትክክል የት ላይ እንደተያዘች እና የእያንዳንዱ ሰው ስም በወረቀት ላይ እንዴት እንደሰፈረ። ሁለቱም የሚበላሹት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ከዚያ በኋላ ማቃናት ከባድ ነው።

ቦታው ለምን ይህን ያህል ይከብዳል? በ1982ቱ (እ.ኤ.አ.) የባሕር ሕግ ስምምነት መሠረት አንድ አገር እስከ 12 የባሕር ማይል ድረስ የግዛት ባሕር፣ እስከ 200 የባሕር ማይል ድረስ ደግሞ ልዩ የኢኮኖሚ ቀጣና (በዓሣውና በሌላው ሀብት ላይ መብት ያለው ባሕር) ሊኖረው ይችላል። አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው። ሁለት አገሮች በጠባብ ባሕር ሲተያዩ ልኩ ስለማይበቃ መሐል ላይ መስመር ይሰመራል፤ እስሩ የሚበዛውም እዚህ ነው። በግዛት ባሕሩ ውስጥ የተያዘ ሰው በያዘው አገር ሕግ ይዳኛል፤ ያ ሕግ እስራት ካለው ይታሰራል። በኢኮኖሚ ቀጣናው ውስጥ ከሆነ ግን የስምምነቱ አንቀጽ 73 ይገባል። ጀልባዋና ሠራተኞቿ ተመጣጣኝ ዋስትና ሲያዝ ቶሎ መለቀቅ አለባቸው፤ አገሮቹ በተለይ ካልተስማሙ በቀር የዓሣ ማጥመድ ጥፋት ቅጣት እስራትን መጨመር አይችልም፤ የአካል ቅጣትማ ጭራሽ የተከለከለ ነው፤ ጀልባዋ ለተመዘገበችበት አገርም ወዲያው ማሳወቅ ግዴታ ነው። ስለዚህ ከዳርቻው 11 ማይል ላይ መያዝና 13 ማይል ላይ መያዝ አንድ አይደለም። ጠበቃው መጀመሪያ ማጣራት ያለበት ግን ሁለቱም አገሮች የስምምነቱ አባል መሆናቸውን ነው፤ ሁሉም አገር አልገባበትም።

ክሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ነው። አንዱ ያለፈቃድ ማጥመድ፣ ሌላው ያለፈቃድ ወደ አገር መግባት። የመጀመሪያው በዓሣ ሀብት ሕግ፣ ሁለተኛው በኢሚግሬሽን ሕግ ይታያል። ቤተሰብ «የዓሣው ክስ በገንዘብ አለቀ» ሲባል ደስ ይለዋል፤ የመግቢያው ክስ ግን በሌላ መዝገብ ቁጥር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሁለቱንም የመዝገብ ቁጥሮች ጠይቁ።

ስለ ማጥመጃ መሣሪያው ሁኔታም አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የውጭ ጀልባ በሌላ አገር የግዛት ባሕር ሳትቆም፣ ሰላም ሳትነሣ ማለፍ ትችላለች፤ ማጥመድ ስትጀምር ግን ያ መብት ይቀራል። በዚህ ምክንያት ፍርድ ቤት የሚመዝነው መረቡ ውኃ ውስጥ እንደነበር ወይም ታጥፎ፣ ታስሮ፣ ተሸፍኖ እንደተቀመጠ ነው። የዊንቹ (መረብ የሚጎትተው ማሽን) ገመድ እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ? ዓሣው በበረዶ ላይ ነው ወይስ ገና እየተንፈራገጠ ነው? በወሰን አቅራቢያ የምታልፍ ጀልባ መረቧን አጥፋ ብትሸፍነው ክርክሩ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

አሁን ቦታን በቁጥር ወደሚያሳየው መሣሪያ፣ ወደ ጂፒኤሱ። ወሰን የሚያልፉት ሁሉ ዓሣ ፍለጋ ሆን ብለው የሚገቡ አይደሉም። ዓሣው በዚያ በኩል በዝቶ የሚገቡም አሉ፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን ሳያውቁ የሚያልፉት የሚሳሳቱበት ቦታ ተደጋጋሚ ነው፤ የቁጥሩ አጻጻፍ። መሣሪያው አንድን ቦታ በሦስት መልክ ማሳየት ይችላል፤ በዲግሪ ብቻ፣ በዲግሪና ደቂቃ፣ በዲግሪ፣ ደቂቃና ሰከንድ። እንበል የወሰኑ ነጥብ 13 ዲግሪ ከ41.50 ደቂቃ ሰሜን ነው ተብሎ በወረቀት ተሰጠ። አንዱ ሰው ይህን ወስዶ በዲግሪ ብቻ በሚሠራ መሣሪያ ላይ 13.4150 ብሎ ያስገባል። ቁጥሩ ሲታይ አንድ ይመስላል። ትክክለኛው ግን 41.50 ለ60 ተካፍሎ 13.6917 ነው። ልዩነቱ 0.2767 ዲግሪ፣ ማለትም 16.6 የባሕር ማይል ወይም ወደ 31 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ካፒቴኑ ከወሰኑ ወዲህ ነኝ ብሎ እየማለ ከዚያኛው አገር ዳርቻ በቅርብ ርቀት ይገኛል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ነጥቡን ስታስገቡ የመሣሪያው አቀማመጥ በየትኛው መልክ እንደሆነ እዩ፣ ካስገባችሁ በኋላ ደግሞ ወደብ ላይ ቆማችሁ የምታውቁትን ቦታ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ። የድሮ የወረቀት ካርታ ከሆነ መለኪያው ከጂፒኤሱ ጋር ላይገጥም ይችላል፤ በመቶ ሜትሮች የሚቆጠር መዛባት የተለመደ ነው። ለዚህ ነው መስመሩ ላይ ሳይሆን ከመስመሩ ወዲህ ጥቂት ማይሎች ርቆ ማስጠንቀቂያ ደወል መሙላት የሚሻለው።

የሌሊት መንሳፈፍም አለ። ተንሳፋፊ መረብ ተጥሎ፣ ጀልባዋ ከጫፉ ታስራ፣ ሰው ሁሉ ሲተኛ ጀልባና መረብ አብረው በባሕሩ ውኃ ፍሰት ይሄዳሉ። በሰዓት 1.5 የባሕር ማይል የሚሄድ ፍሰት በ8 ሰዓት 12 ማይል ይወስዳል። ያ የአንድ አገር የግዛት ባሕር ሙሉ ስፋት ነው። ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ አንድ ሰው ነቅቶ ቦታውን በደብተር ይጻፍ። ደብተሩ በእርሳስ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ በባሕር ውኃ ይፈሳል፣ እርሳስ አይጠፋም። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከሰነዶቹ ጋር ይቀመጥ።

የጂፒኤሱ ጉዞ መዝገብ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። ትንንሽ መሣሪያዎች የሚይዙት የነጥብ ብዛት የተወሰነ ሲሆን ሲሞላ ከአሮጌው ጀምሮ ይደመስሳሉ። 10,000 ነጥብ የሚይዝ መሣሪያ በየ10 ሰከንዱ ቢመዘግብ ከ28 ሰዓት በታች ብቻ ነው የሚቆየው፤ በየደቂቃው ቢመዘግብ ወደ 7 ቀን ይሄዳል። በዚህ የተነሣ ጀልባዋ ከተያዘች በኋላ ሌላ ሰው መሣሪያውን አብርቶ ወደ ወደብ ሲነዳት የቆየው መረጃ ሊጠፋ ይችላል። ሞተሩ ሲቆም የስክሪኑን ፎቶ አንሡ፤ ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ በአንድ ፎቶ ይግቡ። የመሣሪያው ሰዓት በዓለም አቀፍ ሰዓት (ዩቲሲ) ይሁን በአካባቢ ሰዓት ጎኑ ላይ ጻፉ። ያዥው ያሰፈረው ሰዓትና የእናንተ ሰዓት በሦስት ሰዓት ቢለያይ «ዋሽተዋል» ከሚባልበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው።

ሞተር ተበላሽቶ የገቡ ከሆነ ብልሽቱ መረጋገጥ አለበት። የተበጠሰውን ቀበቶ፣ የተቃጠለውን የፓምፕ ክፍል አትጣሉት፤ በከረጢት አስቀምጡት፤ ኤግዚቢት (ለፍርድ ቤት የሚቀርብ የማስረጃ ዕቃ) የሚሆነው እሱ ነው። ሞተሩ ከመቆሙ በፊት ሳይሆን ልክ ሲቆም በባሕር ሬዲዮ ቻናል 16 (156.8 ሜጋኸርዝ) ጥሪ አድርጉ፤ ስም፣ ቦታ፣ የሰው ብዛት፣ ችግሩ። በእጅ የሚያዝ ሬዲዮ ከጥቂት ማይሎች አያልፍም፤ ማንም ባይመልስ እንኳ ጥሪው የተደረገበትን ሰዓት ጻፉ፤ በአቅራቢያው ያለፈ መርከብ ሰምቶ መዝግቦት ሊሆን ይችላል። ጭንቅ ውስጥ የገባች ጀልባ በሌላ አገር ባሕር መቆምና መልህቅ መጣል እንደምትችል ስምምነቱ ራሱ ይፈቅዳል። ነገር ግን «ሞተር ተበላሸ» ብሎ ዘግይቶ መናገር፣ ሞተሩ ደግሞ ሲሞከር በአንድ ጉተታ ሲነሣ፣ ዳኛው የቀረውንም ማመን ያቆማል። ያልተበላሸውን ተበላሸ አትበሉ።

ጠባቂዎቹ ሲመጡ የሚሠራው ሥራ ጥቂት ነው። ሞተሩን አቁሙ፣ እጃችሁ ይታይ፣ አንድ ሰው ብቻ ይናገር። መረብ መቁረጥ፣ ዓሣ ወደ ባሕር መድፋት፣ ስልክና ጂፒኤስ መወርወር ማስረጃ እንደማጥፋት ይቆጠራል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ለእናንተ የሚመሰክረው ማስረጃ አብሮ ይሰምጣል። መሸሽ ደግሞ ጥይት ያመጣል። ሌላው ሰው ማስታወስ ያለበት፦ የመቆሚያ ምልክት (ፉጨት፣ መብራት፣ ሬዲዮ) መጀመሪያ የተሰጠው የትና መቼ ነው? ጠባቂ ጀልባ የሸሸችን ጀልባ ከወሰኑ ወጥቶም ማሳደድ ይችላል፤ ግን ማሳደዱ በራሱ ባሕር ውስጥ ሊጀመርና ሳይቋረጥ ሊቀጥል ይገባል፤ የሚታይ ወይም የሚሰማ ምልክት ቀድሞ መሰጠት አለበት፤ የምትሸሸው ጀልባ የራሷ ወይም የሦስተኛ አገር የግዛት ባሕር ስትገባም ያበቃል። ይህ ለጠበቃው ወርቅ ነው፤ ግን የሚቆመው በአንድ ሰው ማስታወሻ ላይ ብቻ ነው።

የቃል መቀበያው ሰነድ ላይ ስትደርሱ ቀስ በሉ። የማታነቡትን ቋንቋ አትፈርሙ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። እምቢ ማለት የማይቻልበት ሁኔታ ከሆነ ከፊርማው ጎን በራሳችሁ ቋንቋ «ይዘቱ አልተነበበልኝም» ብላችሁ ቀኑን ጻፉ። ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር አለ፦ የሁሉም ሠራተኛ ቃል አንድ ዓይነት ሆኖ ሲታተም፣ መረብ ሲያስተካክል የነበረውም ምግብ ሲያበስል የነበረውም «ወሰኑን አውቀን ገባን» ብለው ይገኛሉ። የጀልባዋን አቅጣጫ የሚወስነው ካፒቴኑ ነው፤ ሌላው ሰው የማያውቀውን «አላውቅም» ማለት መብቱ ነው።

ቆንስላ። የ1963ቱ (እ.ኤ.አ.) የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 ለታሰረ የውጭ ዜጋ ሁለት ነገር ይሰጠዋል፤ ቆንስላ የማግኘት መብት እንዳለው ሳይዘገይ ይነገረዋል፣ ከጠየቀ ደግሞ መታሰሩ ለቆንስላው ይነገርለታል። «ከጠየቀ» የሚለውን ልብ በሉ። ብዙ ሰዎች ሳይጠይቁ ይቀራሉ፤ ስለዚህ ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፣ ቀን ይኑረው፣ ፍርድ ቤት በቀረቡበት ቀን ደግሞ ይደገም። በዚያ አገር ኤምባሲ ከሌለ የትኛው ጎረቤት አገር ያለው ኤምባሲ እንደሚሸፍን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያውቃል። ከአንድ ጀልባ ላይ የሦስት አገር ዜጋ ካለ ሦስት ቆንስላ ያስፈልጋል፤ የባለጀልባው አገር ለሁሉም ይከራከራል ብሎ መቀመጥ ስህተት ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ካለ በመጀመሪያው ቀን ይነገር፤ ከአዋቂ ተለይቶ መያዝ አለበት።

አሁን ወደ ስሙ። ይህ ክፍል ረዘም ቢል አይገርምም፤ ብዙ ወራት የሚጠፉት እዚህ ነው። እንበል ሰውየው መሐመድ ሳሊም ዓሊ ይባላል። የያዘው መኮንን በጆሮው ሰምቶ በላቲን ፊደል ይጽፈዋል፤ መሐመድ ብቻውን ቢያንስ በአምስት መንገድ ይጻፋል። ፎርሙ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥን ስላለው የአያቱ ስም እዚያ ይገባል። ቀጣዩ ቢሮ ሁለት ስም ብቻ ስለሚቀበል የአባቱን ስም ቆርጦ «መሐመድ ዓሊ» ያደርገዋል። ወደ አገሩ የሚላከው ዝርዝር ላይ «መሐመድ ዓሊ» አለ። የአገሩ ምዝገባ ቢሮ ደግሞ «መሐመድ ሳሊም» ነው የሚያውቀው። መልሱ «እንዲህ የሚባል ሰው አልተገኘም» ይሆናል፤ ደብዳቤው ተመልሶ እስኪሄድ ስንት ወር።

ስለዚህ ቤተሰብና ባለጀልባ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ያዘጋጁ። ስም እስከ አያት፣ በራሱ ፊደልና በመታወቂያው ላይ ባለው የላቲን አጻጻፍ ሳይቀየር፤ የእናት ስም፤ የልደት ቀን በመታወቂያው እንዳለ፣ ሁለት አቆጣጠር ካለ በሁለቱም፤ የመታወቂያ ቁጥር፤ የትውልድ ቦታ፤ የሚታይ ጠባሳ ወይም ምልክት፤ የሚወስደው መድኃኒት በስሙና በመጠኑ፤ ግልጽ ፎቶ፤ የጀልባዋ ስምና የምዝገባ ቁጥር፤ የተነሣችበት ወደብና ቀን። መታወቂያውን ይዞ የወጣ ከሆነ ቅጂ ይፈለግ፤ ምንም የሌለው ከሆነ የቀበሌ ወይም የአካባቢ አስተዳደር ማረጋገጫና የሁለት ዘመድ የምስክርነት ቃል አሁኑኑ ይጀመር። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ዝርዝር ላይ በተራ ቁጥር አስፍሩ፤ 7ኛ የሆነው ሰው በደብዳቤውም፣ በኢሜይሉም፣ በጠበቃው ዘንድም 7ኛ ይሁን። ስም ሲሳሳት ቁጥሩ ያገናኘዋል። ከዚያኛው አገር የመጣው ስም የተሳሳተ ከሆነ «ስህተት ነው» ብላችሁ አትመልሱት፤ «በእናንተ ዝርዝር እንዲህ የተጻፈው በእኛ ዝርዝር 7ኛው ነው» ብላችሁ አገናኙት።

ከታሰሩት ጋር መገናኛው ብዙ ጊዜ ቀይ መስቀል ነው። የዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ መግባት በተፈቀደለት ቦታ እስረኛ ይጎበኛል፣ የቤተሰብ መልእክት ያደርሳል፤ የምትጀምሩት ከአገራችሁ ቀይ መስቀል ወይም ቀይ ጨረቃ ማኅበር ነው። መልእክቱ ክፍት ስለሆነ ባለሥልጣናት ያነቡታል፤ የቤተሰብ ወሬ ብቻ ይጻፍበት። ስለ ጉዳዩ፣ ስለ ወሰኑ፣ ስለ ገንዘብ አንድ ቃል አትጻፉ። በማኅበራዊ ሚዲያም እንዲሁ፤ «ወንድሜ ዓሣው ስለበዛ ነው የገባው» የሚል ልጥፍ ተተርጉሞ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። «አውቃቸዋለሁ፣ ገንዘብ ላኩና በሳምንት አስወጣቸዋለሁ» ለሚል ደላላ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርቡ፤ የመዝገብ ቁጥሩ ስንት ነው? የማያውቅ ከሆነ ስልኩን ዝጉ።

ፍርድ ቤት ሲደርስ የሚነሣው ትልቁ ጥያቄ ማመን ወይስ መከራከር የሚለው ነው። እዚህ የባለጀልባውና የሠራተኛው ጥቅም ይለያያል፤ በግልጽ መነገር ያለበት ነው። ሠራተኛው አምኖ ቅጣት ከፍሎ ቢወጣ ይመርጣል። ባለጀልባው ግን ካመኑበት ጀልባዋ ትወረሳለች፤ ስለዚህ ክርክር ይፈልጋል፣ ክርክሩ ደግሞ ሠራተኛውን ያቆየዋል። አንድ ጠበቃ ለሁለቱም ሊቆም አይገባውም። ጠበቃውን ደግሞ የሚከፍለው ባለጀልባው ነው፤ ይህንን አስቡት።

የዋስትና ገንዘብ ሲከፈል ደረሰኙ ላይ የከፋዩ ስም ማን እንደሆነ እዩ፤ ገንዘቡ የሚመለሰው ለዚያ ሰው ነው። መቀጮና ዋስትናን አታምታቱ፤ መቀጮ ከተከፈለ አይመለስም።

ዋስትና ሲዘገይ ደግሞ ሰዓቱ በጀልባዋ ላይ ይቆጥራል። ዋስትና ከልክ በላይ ከሆነ ጀልባዋ የተመዘገበችበት አገር፣ ከተያዘችበት ቀን አንሥቶ በ10 ቀን ውስጥ በየትኛው ፍርድ ቤት እንደሚታይ ካልተስማሙ፣ ጉዳዩን ወደ ዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ ፍርድ ቤት መውሰድ ይችላል። ጥያቄውን የሚያቀርበው መንግሥት ነው፣ ወይም መንግሥት የፈቀደለት። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 2007 ያ ፍርድ ቤት በአንድ ቀን በሁለት የጃፓን ጀልባዎች ላይ ውሳኔ ሰጥቷል፤ ሁለቱንም የያዘችው ሩሲያ ነበረች። ሆሺንማሩ በ10 ሚሊዮን ሩብል ዋስትና እንድትለቀቅ ታዘዘ። ቶሚማሩ ግን ቀድማ በሩሲያ ፍርድ ቤት ተወርሳ ስለነበር ጥያቄው የሚወሰንበት ነገር የለውም ተባለ። የውርስ ፍርዱ ከጸና በኋላ መጮህ ዋጋ የለውም ማለት ነው። ያልተመዘገበች ትንሽ ጀልባማ የሚሟገትላት መንግሥት ለማግኘት እንኳ ትቸገራለች፤ ምዝገባውን ያቃለለ ሰው የሚጸጸተው በዚህ ጊዜ ነው።

በኤግዚቢትነት የቆመች የእንጨት ጀልባ ሌላ ጉድ ነው። ውኃዋ ካልተቀዳ፣ ባትሪው ካልተሞላ፣ ጥላ ከሌላት ጣውላው ይሰነጠቅና ትሰምጣለች። ከተያዘችበት ቀን ጀምሮ የሞተር ቁጥር፣ ነዳጁ፣ መረቡ፣ ሬዲዮው በዝርዝር የተፈረመበት የመረከቢያ ወረቀት ጠይቁ፤ አለበለዚያ ስትለቀቅ ሞተር የሌላት ቅርፊት ትረከባላችሁ።

በቀይ ባሕር ላይ አንድ ልዩ ነገር አለ። በኤርትራና በየመን መካከል በሐኒሽ ደሴቶች ጉዳይ የተሰየመው የግልግል ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ1999 በሰጣቸው ውሳኔዎች የሁለቱ አገሮች ባህላዊ ዓሣ አጥማጆች የቆየ የማጥመድ ሥርዓታቸው እንዲቀጥል አድርጓል፤ ይህ በትልልቅ የንግድ መርከቦች የሚደረገውን ማጥመድ አይጨምርም። በዚያ አካባቢ የተያዘ ባህላዊ አጥማጅ ጠበቃው ይህን ውሳኔ መጥቀስ አለበት።

ቅጣቱ ሲያልቅ ሰው በቀጥታ ወደ ቤት አይሄድም። ፓስፖርት ስለሌለው ሌሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጥ ጊዜያዊ የጉዞ ሰነድ) ያስፈልገዋል፤ ሌሴ ፓሴ ለማውጣት ዜግነቱ መረጋገጥ አለበት። የማረጋገጫው ጥያቄ ቅጣቱ እስኪያልቅ ከጠበቀ ሰውየው ነጻ ሆኖ ይታሰራል። ቆንስላው የመጀመሪያ ቀን ሲጎበኘው ፎቶና የጣት አሻራ እንዲወስድ ጠይቁ። ሕንድና ፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ2008 በተስማሙት መሠረት በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 እና ጁላይ 1 የእስረኞችን ስም ዝርዝር ይለዋወጣሉ፤ በስምምነቱ ቆንስላ በሦስት ወር ውስጥ እንዲያያቸው፣ ቅጣቱን የጨረሰና ዜግነቱ የተረጋገጠ ሰው ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ እንዲለቀቅ ተጽፏል። የታሰሩት በየትኛው ዝርዝር፣ በየትኛው ቀን እንደሚገቡ የሚያሳይ እንዲህ ያለ ስምምነት በእናንተ አገሮች መካከል ካለ ቀኑን ያዙ፤ ዝርዝሩ ከመውጣቱ ከሁለት ወር በፊት ስም መታረም አለበት።

ሲለቀቁ የሚወሰደው ወረቀት ሦስት ነው፤ የፍርዱ ቅጂ፣ የንብረት መረከቢያው፣ ከአገር የማስወጣቱ ትእዛዝ። የፍርዱን ቅጂ አንብቡት፤ አንዳንዱ ቅጣት ታግዶ የተተወ ነው፣ በተወሰነ ዓመት ውስጥ ተመልሶ ከተያዘ የታገደው በአዲሱ ላይ ይጨመራል። የጣት አሻራው ተይዟል፤ ጀልባ ቢቀይር፣ ካፒቴን ቢቀይር አሻራው ያው ነው። የእገዳው ማብቂያ ቀን ከመርከብ ሥራ ደብተሩ ጋር ይቀመጥ፤ የሚቀጥለው ካፒቴን ሠራተኛ ሲቀጥር የሚያየው ያንን ነው።